ቅሬታም ቀን አለው፦ ለሞንትጎመሪ ካውንቲ ግብር ከፋይ የተዘጋጀ መመሪያ

በየዓመቱ ጁላይ ላይ የፕሮፐርቲ ታክሱ ቢል ሲደርስ የሲልቨር ስፕሪንግ የቡና ወሬ መልኩን ይለውጣል። አንዱ ቢሉን ከፖስታው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋዋል፤ ሌላው «የእኔስ ከዚህ ይብሳል» ይላል። «ገንዘባችንን ምን እያደረጉት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከአቦሉ እስከ በረካው ይዘልቃል። እኔም ለብዙ ዓመታት የዚህ ወሬ ተካፋይ ነበርሁ። ንዴቱ እውነት ነው፤ ሌሊት ታክሲ ተነድቶ፣ በሁለት ፈረቃ ሆስፒታል ተሠርቶ የተገኘ ገንዘብ ነውና። የሚያስቆጨው ጊዜው ነው። ቢሉ እጃችን ሲገባ በጀቱ ከጸደቀ ሳምንታት አልፈዋል፤ በጀቱን ያጸደቁት ሰዎችም ወንበራቸውን የያዙት ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ወላጆቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ይህ መመሪያ በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለሚኖር ግብር ከፋይ የተጻፈ ነው። ካውንቲው ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለው፤ የ2026 የበጀት ዓመት የሥራ ማስኬጃ በጀቱም 7.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ትልቅ ከተማ ቢመስልም የራሱ ከንቲባና ምክር ቤት የለውም። መንገዱን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ፖሊሱን በሚመለከት የቅርብ መንግሥታችን ካውንቲው ነው። ሮክቪል፣ ጌተርስበርግና ታኮማ ፓርክ የሚኖሩ ደግሞ ከካውንቲው በተጨማሪ የራሳቸው የከተማ አስተዳደር አላቸው። ከዚህ በታች የተጻፉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እርምጃ 1፦ ቢሉን መስመር በመስመር ያንብቡ

ብዙዎቻችን ታክሱን የምንከፍለው ከሞርጌጁ ጋር በኤስክሮ በኩል ስለሆነ ቢሉን ሳናየው ዓመቱ ያልፋል። የወር ክፍያው ሲጨምር የምንወቅሰው ባንኩን ነው። በካውንቲው ድረ ገጽ ላይ የቤትዎን አድራሻ አስገብተው ቢሉን ይክፈቱና አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ያንብቡት።

ቢሉ ላይ የሚያዩት የአንድ መሥሪያ ቤት ሂሳብ አይደለም። የስቴቱ ፕሮፐርቲ ታክስ አለ፤ እሱ ከየ100 ዶላሩ የቤት ግምት 11.2 ሳንቲም ነው። ከዚያ የካውንቲው ታክስ ይመጣል፤ ከተማ አስተዳደር ውስጥ የሚኖሩ ከሆነም የከተማው ይጨመራል። ከእነዚህ ሌላ የቆሻሻ ማንሻና የውኃ ጥራት ጥበቃ ክፍያዎች አሉ። እነዚህ ክፍያዎች እንጂ በቤቱ ዋጋ ላይ የሚሰሉ ታክሶች አይደሉም።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊሉት የሚገባው ይህ ነው፦ የታክሱ መጠን የሚገኘው የቤቱ ግምት በታክስ ተመኑ ተባዝቶ ነው። ግምቱን የሚያወጣው የስቴቱ የግምትና ታክስ መሥሪያ ቤት ነው፤ የካውንቲውን ተመን የሚወስነው የካውንቲው ካውንስል ነው። ስለዚህ አንድ የካውንስል አባል «ዘንድሮ ታክስ አልጨመርንም» ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ተመኑ ባለበት ቆሞ ግምቱ ከፍ ካለ ግን የእርስዎ ቢል ይጨምራል። የጨመረው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ አቤት ቢሉ የተሳሳተ በር ያንኳኳሉ።

ተከራይ ነኝና አይመለከተኝም የሚሉ ካሉም ይመለከትዎታል። የሕንፃው ባለቤት የሚከፍለው ታክስ ከወር ኪራይዎ የሚወጣ ነው። ከዚያም በላይ ካውንቲው ከገቢ ግብር ድርሻ አለው፤ ለ2025 የተጣለው 3.2 በመቶ ነበር። ግብር የሚከፈልበት ገቢዎ 60 ሺህ ዶላር ከሆነ ለካውንቲው ብቻ የከፈሉት 1,920 ዶላር ነው ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ከደመወዝ ላይ እየተቆረጠ ስለሚሄድ ብዙ ሰው አያስተውለውም።

እርምጃ 2፦ የቤትዎን ግምት ይመርምሩ፣ ካላመኑበት ይግባኝ ይበሉ

በሜሪላንድ እያንዳንዱ ቤት በየሦስት ዓመቱ አንድ ጊዜ ይገመታል። ተራው የደረሰው ባለቤት በዲሴምበር መጨረሻ ገደማ ደብዳቤ ይላክለታል። ያ ደብዳቤ ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር ተደባልቆ እንዳይጣል። ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን ጀምሮ ይግባኝ ለማለት ያለዎት 45 ቀን ብቻ ነው። ገናንና ጥምቀትን አሳልፌ አየዋለሁ ያለ ሰው ጊዜው ግማሽ ያህሉ ሄዶ ያገኘዋል።

ይግባኙ እንዲህ ይካሄዳል፦

አንደኛ፣ መሥሪያ ቤቱን ስለ ቤትዎ የያዘውን የግምት ወረቀት እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ወረቀቱ ላይ የቤቱ ስፋት፣ የመታጠቢያ ቤቱ ብዛት፣ የቤዝመንቱ ሁኔታ ሰፍሯል። ግድግዳው ያልተለበሰ፣ ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ የሆነ ቤዝመንት ተሠርቶ እንዳለቀ ክፍል ተቆጥሮ እንደሆነ፣ ሁለት መታጠቢያ ያለው ቤት ሦስት ተብሎ እንደሆነ ይመልከቱ። ስህተት ካለ ፎቶ ያንሱ።

ሁለተኛ፣ በሰፈርዎ በቅርቡ የተሸጡ፣ ከእርስዎ ቤት ጋር የሚመሳሰሉ ቤቶችን ዋጋ ይሰብስቡ። ታውንሃውስ ከታውንሃውስ ጋር፣ እርጅናውም ከእርጅናው ጋር መመሳሰል አለበት።

ሦስተኛ፣ ይግባኙን በጽሑፍ፣ በስልክ ወይም ቀርበው ያሰሙ። እዚህ ላይ «ታክሱ በዛብኝ፣ መክፈል አልችልም» የሚለው ክርክር አይጠቅምም። የሚጠቅመው «ይህ ቤት ይህን ያህል አያወጣም፤ ማስረጃዬም ይኸውና» የሚለው ነው።

አራተኛ፣ መልሱ ካላረካዎ በ30 ቀን ውስጥ ለታክስ ግምት ይግባኝ ሰሚ ቦርድ ማመልከት ይችላሉ። ከዚያ ወዲያም የሜሪላንድ ታክስ ፍርድ ቤት አለ። ይግባኙ እስኪታይ ቢሉ መከፈል አለበት፤ ከረቱ የተረፈው ይመለስልዎታል።

የግምት ዓመትዎ ካልሆነም በር አልተዘጋም። ከጃንዋሪ 1 በኋላ እስካለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ድረስ ግምቱ እንደገና እንዲታይ በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል።

እርምጃ 3፦ የሚገባዎትን ቅናሽ ሳይወስዱ አይቅሩ

ስለ መንግሥት አባካኝነት እየተነጋገርን በገዛ እጃችን የምንጥለው ገንዘብ አለ። ሦስቱን ልጥቀስ።

የሆምስቴድ ቅናሽ ለሚኖሩበት ቤት የሚሰጥ ነው። በዚህ ካውንቲ ታክስ የሚጣልበት ግምት በአንድ ዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳያድግ ይገድባል። በምሳሌ እንየው። በ420 ሺህ ዶላር ተገምቶ የነበረ ቤት 570 ሺህ ሆነ እንበል። የጨመረው 150 ሺህ ለሦስት ዓመት ይከፋፈልና በየዓመቱ 50 ሺህ ይታከላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ታክስ የሚጣልበት 470 ሺህ ይሆን ነበር። ቅናሹ ያለው ሰው ግን ጭማሪው ከ420 ሺህ 10 በመቶ፣ ማለትም ከ42 ሺህ ስለማያልፍ በ462 ሺህ ብቻ ይከፍላል። ማመልከቻው የሚሞላው አንድ ጊዜ ነው፤ ቤት ከቀየሩ ግን ለአዲሱ ቤት እንደገና መሞላት አለበት። የቀድሞው ባለቤት ስለነበረው ለእርስዎ ይተላለፋል ብለው አይዘናጉ።

ሁለተኛው የቤት ባለቤቶች ታክስ ቅናሽ ነው። የቤተሰቡ ጠቅላላ ገቢ ከ60 ሺህ ዶላር ያልበለጠ ሰው ማመልከት ይችላል። በየዓመቱ መሞላት አለበት፤ የመጨረሻው ቀን ኦክቶበር 1 ነው። ጡረታ የወጡ ወላጆች ያሏችሁ ይህን አንብቡላቸው።

ሦስተኛው የተከራዮች ቅናሽ ነው። ዕድሜያቸው 60 የሞላ፣ ሙሉ የአካል ጉዳት ያለባቸው፣ ወይም ከ60 በታች ሆነው ከ18 ዓመት በታች ልጅ የሚያሳድጉ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ተከራዮች በዓመት እስከ 1,000 ዶላር ሊያገኙ ይችላሉ። የዚህም ቀነ ገደብ ኦክቶበር 1 ነው።

እርምጃ 4፦ የበጀቱን ዓመት ይወቁ

የካውንቲው የበጀት ዓመት የሚጀምረው ጁላይ 1 ነው። የሚወሰነው ግን ከዚያ በፊት ባሉት ስድስት ወራት ነው። የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ የግንባታ በጀቱን እስከ ጃንዋሪ 15፣ የሥራ ማስኬጃውን እስከ ማርች 15 ለካውንስሉ ያቀርባል። ኤፕሪል ላይ ካውንስሉ ሕዝብ የሚሰማበት መድረክ ይከፍታል። ከዚያ የካውንስሉ ኮሚቴዎች እያንዳንዱን መሥሪያ ቤት እየጠሩ ይመረምራሉ። ሜይ ማለቂያ ላይ በጀቱ ይጸድቃል፤ የካውንቲው መተዳደሪያ ቻርተር የሰጠው የመጨረሻ ቀን ጁን 1 ነው።

በጀቱ ብዙ ገጽ ስላለው ሁሉንም ማንበብ አልችልም ብለው አይፍሩ። ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ ካለፈው ዓመት ስንት በመቶ እንደጨመረ፣ በጣም የጨመረው መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሆነ፣ እና እርስዎ በየሳምንቱ የሚጠቀሙበት አገልግሎት ምን እንደተመደበለት።

ሲያነቡ አንድ እውነት ያገኛሉ። የገንዘቡ ግማሽ ያህል የሚሄደው ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች ነው። የስቴቱ ሕግ ካውንቲው ለአንድ ተማሪ የሚሰጠውን ገንዘብ ካለፈው ዓመት እንዳያሳንስ ያስገድዳል። ገንዘቡ ትምህርት ቤቶቹ ውስጥ እንዴት እንደሚከፋፈል በዝርዝር የሚወስነው ደግሞ ለብቻው የሚመረጠው የትምህርት ቦርድ ነው። ስለዚህ «ወጪ ይቀነስ» የሚል ሰው የትኛው ወጪ እንደሆነ መናገር አለበት። ግማሹን በጀት የሚመለከት ቅሬታ ያለው ሰው የትምህርት ቦርዱንም ስብሰባ ማወቅ ይኖርበታል።

መናገር ለውጥ ያመጣል ወይ? የ2023ን ጸደይ ያስታውሱ። የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ ማርክ ኤልሪች የፕሮፐርቲ ታክሱ ተመን በ10 በመቶ ከፍ እንዲል ጠየቁ። ነዋሪዎች በየመድረኩ ተናገሩ፣ ጻፉ፣ ደወሉ። ካውንስሉ ሜይ ላይ ያጸደቀው 4.7 በመቶ ነበር። የቀነሰው ሰው ስለተናገረ ብቻ ነው አልልም፤ ከ10 ወደ 4.7 የወረደው ግን በማርችና በሜይ መካከል ነው። ጁላይ ላይ ቢሉን ይዞ የተቆጣ ሰው ያንን ልዩነት የመፍጠር ዕድል አልነበረውም።

እርምጃ 5፦ ቀርበው ይናገሩ

የሕዝብ መድረኩ የሚካሄደው ሮክቪል በሚገኘው የካውንስሉ ሕንፃ ነው፤ በኢንተርኔትም መናገር ይቻላል። አስቀድመው በካውንስሉ ድረ ገጽ ይመዝገቡ። የሚሰጥዎ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። እንግሊዝኛው የሚከብድዎ ከሆነ ሲመዘገቡ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ አማርኛ ካውንቲው ለነዋሪው ጽሑፍ ከሚያወጣባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ዜግነት አይጠየቅም፤ ግብር የሚከፍል ነዋሪ ሁሉ መናገር ይችላል።

በአንድ የኤፕሪል ምሽት እዚያ አዳራሽ ተራዬን ስጠብቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከእኔ በፊት አንድ ጎልማሳ ሰው ስለ ታክሱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ፖሊሱ በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። ጊዜ ጠቋሚው ቀይ ሲበራ ገና መሐል ላይ ነበር። ቀጥሎ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ተነሡ። በእጃቸው በፕላስቲክ የተሸፈነ አንዲት ወረቀት ነበረች። በአማርኛ ተናገሩ፤ ልጃቸው ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ተረጎመላቸው። የተናገሩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የልጅ ልጃቸው ከትምህርት በኋላ ስለሚቆይበት ፕሮግራም። ወረቀቷ ላይ የፕሮግራሙ ስምና የተመደበለት ገንዘብ ተጽፎ ነበር። «እኔ ሌሊት ነው የምሠራው፤ ይህ ቢዘጋ ልጁን የሚያይልኝ የለም። ሌላ የሚቀነስ ካለ እሱን ቀንሱ» አሉ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። መድረኩ ላይ የነበሩት አባላት ቀና ብለው ብዕራቸውን አነሡ።

ከእኒያ እናት የተማርኩት ይህን ነው፦ አንድ ርእስ፣ አንድ የገንዘብ ቁጥር፣ አንድ ጥያቄ። ንግግርዎን እንዲህ ያሰናዱት፦

«ስሜ እገሌ ይባላል። በዚህ ሰፈር ይህን ያህል ዓመት ኖሬአለሁ፤ ግብር ከፋይ ነኝ። ለዚህ ሥራ ይህን ያህል ዶላር እንደተመደበ በጀቱ ላይ አይቻለሁ። በዚህ ምክንያት እንዲቀነስ፣ ወይም እንዲጨመር፣ ወይም ባለበት እንዲቆይ እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ።»

ቤት ውስጥ ሰዓት ይዘው ጮክ ብለው ይለማመዱት። መሄድ ካልቻሉ ይህንኑ በኢሜይል ይላኩ። ካውንስሉ 11 አባላት አሉት፦ ሰባቱ ከየዲስትሪክታቸው፣ አራቱ ከመላው ካውንቲ የተመረጡ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ነዋሪ አቤት የሚልላቸው አምስት ሰዎች አሉት፤ አንዱ የዲስትሪክቱ፣ አራቱ የሁሉም። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እንዲሉ፣ ዝምታችንን ማንም እንደ ስምምነት ሊቆጥረው ይችላል።

እርምጃ 6፦ ገንዘቡ ከወጣ በኋላም ይከታተሉት

ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜትሮ ጎን የቆመውን ትልቅ የአውቶቡስ ጣቢያ ሁላችንም እናውቀዋለን። ግንባታው የተጀመረው በ2008 ነው። ኮንክሪቱ ላይ ስንጥቅ ታየ፤ ውፍረቱና ጥንካሬው በቂ አይደለም ተባለ፤ ጥገናና ክርክር ተከተለ። የተከፈተው ሴፕቴምበር 2015 ነው፤ ከታሰበለት ጊዜ ዓመታት ዘግይቶ፣ ከ140 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቶ። በእነዚያ ዓመታት አውቶቡስ ለመሳፈር ጎዳና ለጎዳና የተንከራተተ ሰው ይህን ለመረዳት ሪፖርት አያስፈልገውም።

ሌላም አለ። በካውንቲው የኢኮኖሚ ልማት መሥሪያ ቤት የነበረ አንድ ከፍተኛ ኃላፊ ከ2010 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሕዝብ ገንዘብ ራሱ ወደሚቆጣጠረው ድርጅት ሲያዞር ኖሮ በ2018 ጥፋቱን አምኗል። ይህን ያህል ገንዘብ ለስድስት ዓመት ሲወጣ ውስጥ ያሉት ካላዩት፣ ከውጭ የሚጠይቅ ዓይን ያስፈልጋል።

ለዚህ የሚሆኑ መሣሪያዎች አሉን፦

የካውንቲው ዋና ኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤት ስለ ስርቆት፣ ብክነትና ሥልጣንን ያለአግባብ ስለመጠቀም ጥቆማ ይቀበላል፤ ስምዎን ሳይገልጹ መጠቆም ይችላሉ።

የካውንስሉ የሕግ አወጣጥ ክትትል ቢሮ ፕሮግራሞች የታሰበላቸውን ውጤት ማምጣታቸውን እየመረመረ ሪፖርት ያወጣል። ሪፖርቶቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ በመድረክ ሲናገሩ ከእነርሱ ቁጥር ቢጠቅሱ ቃልዎ ይከብዳል።

የሜሪላንድ የሕዝብ መረጃ ሕግ ማንኛውም ሰው የመንግሥትን ሰነድ በጽሑፍ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ለምን እንደፈለጉት መናገር አይጠበቅብዎትም፤ ዜግነትም አይጠየቅም። መሥሪያ ቤቱ በመሠረቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ሰነዱን ለመፈለግ የሚጠፋው የመጀመሪያ ሁለት ሰዓት አይከፈልበትም። ጥያቄዎን ጠባብ ያድርጉት። «የመንገዱን ወጪ ሁሉ» ከማለት «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በዚህ መንገድ ጥገና ላይ ለተሠማራው ተቋራጭ የተከፈለውን ሂሳብ» ይበሉ።

ለዕለት ተዕለት ጉዳይ ደግሞ 311 ይደውሉ። የሚሰጥዎትን የጥያቄ ቁጥር ይጻፉ። ቁጥር የሌለው አቤቱታ እንዳልቀረበ ይቆጠራል።

እርምጃ 7፦ ምርጫውን ከኖቬምበር በፊት ይያዙት

የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚና የካውንስሉ አባላት የሚመረጡት በየአራት ዓመቱ፣ ከስቴቱ ገዥ ጋር በአንድ ወረቀት ነው፤ 2018፣ 2022፣ 2026 እያለ ይሄዳል። ብዙ ወገኖቻችን ለፕሬዚዳንት ምርጫ ተሰልፈው ይመርጡና በዚህኛው ቤታቸው ይቀራሉ። የፕሮፐርቲ ታክስ ተመኑን የሚወስነው ግን ዋይት ሐውስ አይደለም።

ሌላው ስህተት ኖቬምበርን መጠበቅ ነው። በዚህ ካውንቲ ከ2006 ምርጫ ወዲህ ለካውንስሉ የተመረጠ ሪፐብሊካን የለም። ስለዚህ ውድድሩ በአብዛኛው የሚያልቀው ጁን ላይ በሚደረገው በዴሞክራቶቹ የፓርቲ ቅድመ ምርጫ፣ ማለትም በፕራይመሪው ነው። የሜሪላንድ ፕራይመሪ ደግሞ ዝግ ነው። ሲመዘገቡ «ከየትኛውም ፓርቲ ጋር አይደለሁም» ያሉ ሰው ለሥራ አስፈጻሚውም ለካውንስሉም በፕራይመሪው ድምጽ መስጠት አይችሉም፤ የሚደርሳቸው የትምህርት ቦርዱ ብቻ ነው። ፓርቲ መምረጥ የእርስዎ የኅሊና ጉዳይ ነው፤ የዚህ ምዝገባ ዋጋ ምን እንደሆነ ግን ዐውቀው ይወስኑ። ፓርቲ መቀየር የሚቻለው ምርጫው 21 ቀን እስኪቀረው ድረስ ነው።

አንድ ድምጽ ምን ያደርጋል ለሚል ሰው የዚህ ካውንቲ ታሪክ መልስ አለው። በ2018 የዴሞክራት ፕራይመሪ ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን ያሸነፉት በ77 ድምጽ ነው። በ2022 ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። ከ140 ሺህ በላይ ድምጽ ተሰጥቶ፣ እንደገና ተቆጥሮ፣ ልዩነቱ 32 ሆነ። ሠላሳ ሁለት ሰው በአንድ የማኅበር ጽዋ ላይ የሚታደም ሰው ነው። አንድ እድር በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ይህን ያህል ሰው ወደ ምርጫ ጣቢያ መውሰድ ይችላል።

ከእጩ በላይ የሆነ ጉዳይም በወረቀቱ ላይ አለ። የቻርተር ማሻሻያ ጥያቄዎችን ወረቀቱን ገልብጠው ይፈልጓቸው። በ2020 መራጮች የፕሮፐርቲ ታክስ አማካይ ተመን ካለፈው ዓመት ከፍ እንዲል ሁሉም የካውንስል አባላት መስማማት አለባቸው የሚለውን አጸደቁ። ለትምህርት ብቻ የሚውል ታክስ በስቴቱ ሕግ በተለየ መንገድ ሊያልፍ ስለሚችል የ2023ቱ ጭማሪ በዚያ በኩል ሄደ። በ2016 የሥልጣን ዘመን ገደብ ተጣለ፤ በ2024 ደግሞ ሥራ አስፈጻሚው ከሁለት ዙር በላይ እንዳያገለግል ተወሰነ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ወረቀቱ ላይ ለማስገባት የ10 ሺህ ተመዝጋቢ መራጮች ፊርማ ይበቃል።

አሠራሩን በአጭሩ፦ የስምንት ቀን የቅድሚያ ድምጽ መስጫ ጊዜ አለ። ምክንያት ሳይጠየቁ በፖስታ መምረጥ ይቻላል። ሳይመዘገቡ የቀሩ ዜጋም አድራሻቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ይዘው በዕለቱ ተመዝግበው መምረጥ ይችላሉ። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚቸገሩ ሰው የሚያምኑትን ዘመድ ወይም ጓደኛ ይዘው ገብተው እንዲያግዛቸው የፌዴራሉ የመራጮች መብት ሕግ ይፈቅዳል፤ አጋዡ አሠሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ተወካይ መሆን ግን የለበትም። እናቶቻችንን ይዘን እንግባ።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለካውንቲውና ለስቴቱ የሚመርጠው የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ይዘው በስህተት እንኳ ቢመዘገቡ ወይም ቢመርጡ የኢሚግሬሽን ጉዳይዎን ሊያበላሽ ይችላል። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ስለ መራጭነት የሚጠየቀውን በጥንቃቄ ያንብቡ። ታኮማ ፓርክ ለከተማው ምርጫ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎችንም ታቅፋለች፤ ያ ግን ለከተማዋ ምርጫ ብቻ ነው። ዜግነት ያላገኙ ወገኖች ይግባኙ፣ ንግግሩ፣ የሰነድ ጥያቄው ሁሉ ክፍት ነውና በእነዚያ ይበርቱ።

እርምጃ 8፦ ቀኖቹን ፍሪጅዎ ላይ ይለጥፉ

ዲሴምበር መጨረሻ፦ የግምት ደብዳቤ። ከዚያ 45 ቀን።
ጃንዋሪ 15፦ የግንባታ በጀት።
ማርች 15፦ የሥራ ማስኬጃ በጀት።
ኤፕሪል፦ የሕዝብ መድረክ።
ሜይ፦ የበጀቱ መጽደቅ።
ጁን፦ በምርጫ ዓመት ፕራይመሪ፤ ከዚያ 21 ቀን ቀደም ብሎ የቅድሚያ ምዝገባና የፓርቲ ቀነ ገደብ።
ጁላይ፦ ቢሉ ይመጣል።
ሴፕቴምበር 30 እና ዲሴምበር 31፦ ለሚኖሩበት ቤት የግማሽ ዓመት ክፍያዎች።
ኦክቶበር 1፦ የቅናሽ ማመልከቻዎች።
ኖቬምበር፦ ጠቅላላ ምርጫ።

ይህን ለብቻዎ አይያዙት። በእድር ስብሰባ ላይ አሥር ደቂቃ ይጠይቁና አንድ ሰው ግምቱን፣ አንድ ሰው በጀቱን፣ አንድ ሰው ምርጫውን እንዲከታተል ይመድቡ። ለለቅሶና ለሠርግ የምንጠራራበት ስልክ ለዚህም ይደውላል።

የምንከፍለው ገንዘብ የእኛ ነው፤ የሚያስተዳድሩትም እኛ የምንመርጣቸው ወይም ሳንመርጥ የምናስመርጣቸው ሰዎች ናቸው። ከላይ ከተዘረዘሩት ቀኖች ከዛሬ ቀጥሎ የሚመጣውን ይፈልጉና ከመተኛትዎ በፊት ስልክዎ ላይ ይመዝግቡት።